ጓያና ሩዝ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ እንደተሻገረ የምድሩ ገጽ ይለወጥበታል። ኮረብታና ሸለቆ ሲፈራረቁበት የቆየው አገር በድንገት ይዘረጋና እስከ ጣና ዳርቻ የሚደርስ ሜዳ ይሆናል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። የወረዳው ከተማ ወረታም በዚሁ ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ አንደኛው መንገድ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር፣ ሁለተኛው ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር በሚለያዩበት ቦታ ተቆርቁራለች። ከጉና ተራራ የሚመነጩት ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ከደጋው ጠርገው ያመጡትን አፈር ያራግፉበታል። ስለዚህም ሜዳው በነሐሴ ባሕር፣ በጥቅምት ረግረግ፣ በመጋቢት ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ደረቅ ዋልካ ነው። በዚህ መሬት ላይ የሚኖር ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው ትምህርት የውሃውን መምጫና መሄጃ መጠበቅ ነው።

ሳይንስ ወደ ሕዝብ ስለ መድረሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። በአንድ በኩል የሚያውቅ ባለሙያ፣ በሌላ በኩል የማያውቅ ገበሬ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም በትምህርት ይሞላል፤ ገበሬው የተነገረውን ካልተቀበለ ጥፋቱ የኋላ ቀር ልማድ ይሆናል። ይህ ሥዕል ለስብሰባ ንግግር ይመቻል። የፎገራን ሜዳ ታሪክ ለመረዳት ግን እምብዛም አይጠቅምም። በዚህ ሜዳ ላይ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይንስና ሕዝብ በሁለት ዘሮች ምክንያት ተገናኝተዋል። አንደኛው ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውና ባለሙያው ሊያስተወው የሞከረው ጓያ ነው። ሁለተኛው ባለሙያው ያመጣውና ሕዝቡ የማያውቀው ሩዝ ነው። በሁለቱም ማን ማንን እንዳመነ፣ ለምንና መቼ እንዳመነ መመርመር ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ጓያ የድሃ እህል ነው። መሬቱ ደጋግሞ መታረስ ሳያስፈልገው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጭቃው ላይ ይበተንና በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ድርቅ ቢመታውም ይችላል። ሌላው ጥራጥሬ ጠውልጎ ሲቀር እርሱ ፍሬ ይሰጣል። በደኅናው ዓመት ሽሮ ሆኖ ለወጥ ይቀርባል፤ ከሌላ እህል ጋር ተፈጭቶ ቂጣ ይጋገራል፤ በእሸትነቱ ከማሳው ላይ ይበላል፤ ቆሎና ንፍሮም ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሲበላ የሚጎዳው ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሌላው እህል ሁሉ ከጎተራ አልቆ ጓያ ብቻውን ለወራት የዕለት ምግብ ሲሆን ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው። ማታ ደኅና የተኛ ጎልማሳ ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ባቱና ጭኑ ይገተራል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ በተረከዙ መርገጥ ተስኖት በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። አእምሮው ግን አይነካም። የእግሩም ስሜት አይጠፋም። አንድ ጊዜ የሰበረው አይድንም። ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ የሚለዩበት አከፋፈል ራሱ የኑሮ ታሪክ ይመስላል፤ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ። ከሌላው ይልቅ ወጣት ወንዶችን ማጥቃቱ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል፤ የዕርፉን ጫፍ የሚጨብጠው ክንድ ሳይነካ በሬ የሚከተለው እግር ይወድቃልና።

ይህ መከራ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 ማድሪድ በናፖሊዮን ጦር እጅ ሳለች የከተማው ሕዝብ ከረሃብ የተረፈው ይህንኑ እህል በልቶ ነበር። ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ የጦርነትን ጥፋት በሣለባቸው የሕትመት ሥዕሎች መካከል አንዱ ይህንን የሚያሳይ ነው፤ የተራቡ ሰዎች የጓያ ገንፎ ለመቀበል ይጠባበቃሉ፤ ርእሱም ለእህሉ የቀረበ ምስጋና ነው። የሠዓሊው ስምና የእህሉ የአማርኛ ስም መቀራረብ አጋጣሚ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ምስጋናው ግን ትርጉም አለው። ጎያ እህሉን መርዝ ብሎ ብቻ አላለፈውም፤ ነፍስ ያተረፈ መርዝ መሆኑን አይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ባለሙያዎች ይህን ለማየት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የአገሬው ሕዝብ ምን ያውቅ ነበር? ዋናውን ነገር ያውቅ ነበር። እግር የሚሰብረው ጓያ መሆኑን ሐኪም እስኪመጣ ድረስ አልጠበቀም። በትግራይ ይኸው ጥራጥሬ ሰበረ ይባላል፤ የስሙ አመጣጥ ምንም ይሁን ምን የሰሚው ጆሮ መልእክቱን አይስተውም። ሕዝቡ የተሳሳተው እንዴት እንደሚሰብር በማብራራቱ ላይ ነበር። ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይሰብራል፣ ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል፣ በማሳው መካከል ያለፈ ይሰበራል የሚል እምነት በብዙ ቦታ ተመዝግቧል። ጥናቱ እንዳረጋገጠው መርዙ ወደ ሰው የሚገባው በምግብ ነው። ሆኖም ስለ እንፋሎቱ የተባለውን እንደ ተራ አጉል እምነት ጥሎ ማለፍም ብልህነት አይደለም። እንፋሎት የሚጨስበት ቤት ንፍሮ የሚበላበት ቤት ነው፤ ንፍሮ ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደሚታየው፣ ከአደገኞቹ የጓያ አበላሎች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው ምልክቱን በትክክል አይቶ ምክንያቱን አንድ እርምጃ ያህል ስቶ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሳይንስ ታሪክ ውስጥም እንዲህ ያለ ስሕተት የሠሩ ታላላቅ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም።

ሳይንስ በበኩሉ ወደ ጉዳዩ የደረሰው በዝግታ ነው። በሽታው ዛሬ የሚታወቅበትን ላቲሪዝም የሚለውን ስም ያወጣለት ኢጣሊያዊው ሐኪም ካንታኒ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1873 ነበር። መርዙ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በሕንድ ተመራማሪዎች ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ወቅት እግራቸው ሲያዝ ሐኪሞች ወደ ገጠሩ ወርደው መረመሩ፤ የምርመራው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ታተመ። ቀጥሎ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ያካሄዱት ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ሆነ። በሽታው የአንድ ክፉ ዓመት ወሬ ሳይሆን ጓያ በሚበቅልበት አገር ሁሉ ተደብቆ የሚኖር ችግር መሆኑ ከዚያ ወዲያ ሊካድ አልቻለም።

መድኃኒት ስለሌለው ከባለሙያው የሚጠበቀው ምክር ነበር። የመጀመሪያውም ምክር ቀላል ሆነ፤ ጓያ አትብሉ። ምክሩ በሳይንስ ረገድ እንከን አልነበረውም። ነገር ግን የሚነገረው ሌላ የሚበላ ላለው ሰው ነበር፤ ሌላ የሚበላ ያለው ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ጓያን ለብቻው አይበላም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ የሚከለክል ሕግ አውጥታ በብዙ ክፍላተ ሀገሯ ሥራ ላይ ብታውለውም፣ እህሉ ከገበሬው ማሳ አልጠፋም። ገበሬው ሕጉን የጣሰው ሐኪሙን ባለማመኑ አይደለም። ሐኪሙ ስለ እግሩ ሲነግረው እርሱ ስለ ነፍሱ ያስብ ነበር። በዚህ ዓይነት ምክር ውስጥ የተጎዳው የሰሚው እምነት ብቻ አይደለም፤ የተናጋሪውም ክብር ነው። የማይፈጸም ምክር ደጋግሞ የሚሰጥ ሰው በሦስተኛው ዓመት የሚፈጸመውን ቢናገር እንኳ የሚሰማው አያገኝም።

ነገሩ የተለወጠው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ድርቁን ተከትሎ ከ2000 በላይ ሰዎች በጓያ ተሰበሩ። ይህን ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና ተባባሪዎቻቸው ከታመመው ቤትና ካልታመመው ቤት እየጠየቁ፣ ጓያ መብላታችሁን ብቻ ሳይሆን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትበሉት አሉ። መልሱ ያለው በመጽሐፍ ሳይሆን በማድ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት በታተሙት ውጤቶች መሠረት በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ የሚበሉት ቤተ ሰቦች ለአደጋ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ አቡክተው ጋግረው ወይም በወጥ መልክ ከቅመም ጋር የሚበሉት ግን እንደዚያ አልነበሩም። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ አዝርዕት ጋር ማደባለቅም አደጋውን ይቀንስ ነበር። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስም ይታወቃል። ለአስተዳደሩ ደግሞ ሌላ ትምህርት ወጣ፤ ለተራበ ሕዝብ የእርዳታ እህል በጊዜ ሲደርስ የሚድነው ሆድ ብቻ ሳይሆን እግርም ነው።

ይህ ምክር ከፊተኛው በምን ይለያል? ገበሬው ሊፈጽመው ይችላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ምክሩ ባልቴቶች በየቤታቸው ሲያደርጉት ከነበረው ነገር የተወሰደ በመሆኑ ሰሚው ጋ ሲደርስ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ መካድ የማይገባ መሰናክል አለ። ማቡካት ማገዶ ይፈልጋል፤ መዘፍዘፍ ውሃ ይፈልጋል፤ ማደባለቅ ሌላ እህል ይፈልጋል። ድርቅ የሚወስደው እነዚህኑ ነው። ከማሳ ላይ የሚቀጠፍ እሸትና በምጣድ ላይ የሚታመስ ቆሎ የችጋር ሰው ምግብ የሆኑት ስንፍና ስለሆነ አይደለም።

በዚያው ሜዳ ላይ የሁለተኛው ዘር ታሪክ የሚጀምረው ከውሃ ማነስ ሳይሆን ከውሃ መብዛት ነው። ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት መሬት በክረምት ጤፍም ሆነ ዳጉሳ አይሸከምም፤ ውሃው እስኪሸሽ ድረስ የከብት ግጦሽ፣ ከሸሸ በኋላ የጓያና የሽምብራ ማሳ ነበር። በረግረጉ ዳር ግን የሩዝ ዘመድ የሆነ የዱር ሣር በራሱ ይበቅል ነበር። ይህን የመሰለ ዘመድ በጋምቤላም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሩዝ ሙከራ በእነዚህ ሁለት ሜዳዎች ላይ የተጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ተፈጥሮ አስቀድማ የጻፈችውን አንብበዋል።

ሩዝ ከሙከራ ቦታ ወጥቶ ወደ ገበሬው የደረሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች ወደ አካባቢው መጥተው በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ደግሞ በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ሩዝ አስዘሩ። ጊዜው የሰብል ምርጫ በዕቅድ የሚወሰንበት ጊዜ ነበር። በማኅበር መሬት ላይ የተዘራ ሰብል የማኅበሩ ነው፤ ቢያምር ምስጋናው፣ ቢከሽፍም ኪሳራው የአንድ ገበሬ አይደለም። በዚህ ምክንያት ሩዝ በማኅበሩ ማሳ ላይ መታየቱ ገበሬው በሩዝ ማመኑን አያረጋግጥም ነበር። መመሪያ የፈጸመና ነገሩን ያመነ ሰው በሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሪፖርትም ላይ አንድ ረድፍ ውስጥ ይጻፋሉ።

የሁለቱ ልዩነት የታየው የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ታውጆ የአምራቾች ማኅበራት ሲፈርሱ ነው። በብዙ አገር የማኅበር ንብረት ተከፋፍሎ፣ በማኅበር ስም የተጀመረው ሁሉ ከማኅበሩ ጋር አለቀ። ኮሪያውያኑም ሄደዋል። ሩዝ በዚህ ጊዜ ቢጠፋ የሚገርም አልነበረም። አልጠፋም። አስገዳጅ በሌለበት ሰዓት ዘሩን ያላስጣሉ ገበሬዎች ተገኙ። በጥናቶች እንደተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1993 በፎገራ በሁለት ቀበሌዎች ውስጥ ሩዝ የዘሩት 30 ያህል ገበሬዎች ናቸው። ይህ አነስተኛ ቁጥር ከማኅበሩ ዘመን ሰፊ ማሳ ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ ሠላሳው ሰው የገዛ መሬቱንና የገዛ ዓመቱን አስይዞ ነበርና። የጎረቤት ገበሬ ዓይን ደግሞ ከማንኛውም የእርሻ ባለሙያ ገለጻ የሚያምነው ይህንን ነው። በነሐሴ ውሃ የቆመበት ማሳ ላይ አረንጓዴ ነገር ቆሞ አየ፤ በኅዳር ደግሞ ያ ማሳ ወደ ቤት የሚገባ እህል ሰጠ።

ይሁን እንጂ እህል ቤት ገብቶ ምግብ ካልሆነ ማሳ ላይ ቢያምር አይቆይም። ሩዝ በፎገራ የቆየው የፎገራ ምግብ ስለሆነ ነው። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ተፈጭቶ እንጀራ ሆነ፤ ነጣ ያለ እንጀራ ለሚወድ ገበታ ተስማማ። ጠላና አረቄም ተጠመቀበት፤ ገለባው ለከብት ተረፈ። ወረታም ቀስ በቀስ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች የተደረደሩባት፣ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች የጭነት መኪና የሚያቆሙባት የሩዝ ከተማ ሆነች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእርሻ ባለሙያው ድርሻ ትልቅ ነው። ነገር ግን ድርሻው ከሊጥ አቡኪዋና ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ድርሻ ጋር ሲደመር ነው ሙሉ የሚሆነው።

የታሪኩ እንግዳ ክፍል የዘሩ ስም ነው። ከማኅበሩ ዘመን የተረፈውና ሜዳውን የሞላው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል። ጅግና የፈረሰው ማኅበር ስም ነው፤ ኤክስ የሚለው ፊደል በሒሳብ የማይታወቀውን ቁጥር እንደሚወክል ሁሉ የዚህም ዘር የትውልድ ሐረግ በተሟላ መዝገብ አልተገኘም። ሳይንስ በሚገባ የሚያምነው ወላጆቹ የታወቁ፣ በየጣቢያው የተፈተነ፣ በኮሚቴ ታይቶ የተለቀቀ ዝርያን ነው። እንዲህ ያሉ ዝርያዎችም ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ጉማራና ቆቂት፣ ከዚያም በኋላ ሌሎች፣ ተለቅቀዋል። የፎገራ ገበሬ ግን ለረጅም ዓመታት ስሙ ከፈረሰ ማኅበር፣ ሐረጉ ካልታወቀ ዘር ጋር ጸና።

ይህን እልኸኝነት ብሎ መተው ቀላል ነበር። ሲጠየቁ ግን ገበሬዎቹ ምክንያት ነበራቸው፤ የፍሬው ንጣት ገበያ ላይ ይፈለጋል፤ የደጋውን ብርድ ይችላል፤ እንጀራው ጥሩ ነው፤ ገለባውም ለከብት ይሆናል። በምርምር ጣቢያ ምርት በኩንታል ሲለካ እነዚህ ነገሮች በሚዛኑ ላይ አልነበሩም። ተመራማሪዎቹም ከጊዜ በኋላ ገበሬውን ወደ ሙከራ ማሳቸው ጠርተው ዝርያዎቹን ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ጀመሩ፤ ሴቶችና ወንዶች በየፊናቸው ያመረጡበት ጊዜም ነበር። የሚመርጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ሊደንቅ አይገባም፤ አንዱ በማሳ፣ ሌላዋ በምጣድ በኩል ያያሉና። በሌላ በኩል ገበሬውም ፍጹም አልነበረም። የወደደው ዘር ከዓመት ዓመት ከሌላ ዘር እየተቀላቀለ ጥራቱ ቀንሷል፤ በሽታም ያጠቃዋል። የተመራማሪው ማስጠንቀቂያ በዚህ በኩል ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ተቋቋመ፤ የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ጃይካም ደግፎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ሻጋ ተባለ። ስሙ ከሁለቱ ቀደምት ማኅበራት የአንዱ ቦታ ስም ነው፤ አዲሱን ዘር ገበሬው በሚያውቀው ስም መጥራት ከተራ ጨዋነት ያለፈ ብልሃት ይመስላል።

ስለ ሩዝ ሲነገር የሚዘለል አንድ ጉዳይ አለ። ሩዝ የወረሰው መሬት ባዶ አልነበረም፤ የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ፣ ረግረግ የሚችለው፣ በወተቱ የተመሰገነው የፎገራ ከብት ሜዳው በሩዝ ሲያዝ መሰማሪያው ጠብቦበታል፤ ከሌሎች ከብቶች ጋር በመዳቀሉም ዘሩ ሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለማቆየት ሲደክም ኖሯል። የአንድ ሰብል ስኬት ብቻ የሚነገርበት መድረክ ላይ ይህ አይነሣም። ሆኖም ላሙን የሸጠው ገበሬ ሂሳቡን ያውቀዋል፤ ትርፉን ብቻ የሚነግረውን ባለሙያ ቀጥሎ በሚያመጣለት ነገር ላይ በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያስቸግርም።

ሁለቱ ዘሮች ዛሬ በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ጥቅምት አልፎ ውሃው ሲሸሽ፣ ሩዙ ገና ሳይታጨድ፣ የፎገራ ገበሬ በቆመው ሩዝ መካከል የጓያ ዘር ይበትናል። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ከሥሩ በቅሎ ይገኛል፤ በቀረው እርጥበት አድጎ ሌላ መሬት፣ ሌላ እርሻ ሳይጠይቅ ሁለተኛ ምርት ይሆናል። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያም በኢትዮጵያ ምርምር ተለቅቋል። ዝርያው መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ እንደ አፈሩና እንደ ዓመቱ ይለዋወጣል፤ ድርቅ ሲመታው ይጨምራል። የልማት ሠራተኛው ዘሩን ይዞ ወደ ማሳው ሲመጣ ገበሬው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ሌላ እህል በሌለበት፣ ይኸኛውስ ይሰብራል? ለዚህ ጥያቄ እውነተኛው መልስ፣ መርዙ ያነሰ ነው እንጂ የለም አይባልም፣ ከሌላ እህል ጋር ደባልቃችሁ አቡክታችሁ ብሉት የሚል ነው። መልሱ ከማስታወቂያ ያነሰ ይመስላል። በሩዙ መካከል ዘሩን የሚበትነው ሰው ግን ሰምቶት የቀረውን ወደ ማሳው ይበትናል።